ስለ ሐዲስ ዓለማየሁ ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ

«ፍቅር እስከ መቃብር» የተባለውን ልብ ወለድ የጻፉትን ሐዲስን እንደምወድ ያወቀ ሰው ሁሉ ቡና ላይም ታክሲ ውስጥም አንድ ነገር ሳይጠይቀኝ አይለቀኝም። ጥያቄዎቹ ደግሞ ያው ናቸው። እንግዲያው አንድ ላይ ሰብስቤ ልመልሳቸውና ልረፍ። ገለልተኛ ነኝ አልልም፣ አዳላለሁ።

ስማቸው የሚጻፈው በ«ሀ» ነው በ«ሐ»?

ቃሉ ግዕዝ ስለሆነ ወጉ በሐመሩ «ሐ» ነው፤ እኔም ልማድ ሆኖብኝ እንደዚያ እጽፈዋለሁ። የሚያስቀው ግን ሐዲስ ራሳቸው በዚህ ጉዳይ ከማንም በላይ የተጨነቁ ሰው መሆናቸው ነው። በአማርኛ አንድ ዓይነት ድምፅ ያላቸው ሞክሼ ፊደላት እንዲቀነሱ ይከራከሩ ነበር። ክርክር ብቻ አይደለም፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ ሠርተውበታል። ከዚህም አልፈው የሚጠብቀውን ፊደል ከላዩ ነጥብ አድርገውበት ነበር። «አለ» የሚለውን ውሰዱ። «ሰውየው እንዲህ አለ» እና «ቤት ውስጥ ሰው አለ» ስንል አፋችን ይለየዋል፣ ወረቀቱ ግን አይለየውም። ሐዲስ ወረቀቱም ይለየው አሉ። አገሩ ግን አልተከተላቸውም፤ ዛሬም ስልካችን ላይ የጠበቀውንና የላላውን በግምት ነው የምናነበው።

ስለዚህ ስማቸውን በ«ሀ» የጻፈ ሰው ካያችሁ አትሳደቡ። ምናልባት ከእናንተ ይልቅ እሳቸውን ያነበበ ይሆናል።

የት ተወለዱ?

ጎጃም፣ ደብረ ማርቆስ አካባቢ፣ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት፣ በ1902 ዓ.ም. አባታቸው ካህን ነበሩ። ያረፉት ኅዳር 26 ቀን 1996 ዓ.ም. ነው። እስቲ ቁጥሩን ልብ በሉት፦ ሲወለዱ ምኒልክ ገና በሕይወት አሉ፣ ሲያርፉ አዲስ አበባ ውስጥ ሞባይል ስልክ አለ።

እውነት የቆሎ ተማሪ ነበሩ?

አዎ። እንዲያውም እኔን ቢጠይቁኝ፣ ሐዲስን ሐዲስ ያደረገው ከሁሉ በፊት ይሄ ነው።

ደብረ ኤልያስ፣ ደብረ ወርቅ፣ ዲማ፤ ቅኔ የሚቆጠርባቸው ቦታዎች ናቸው፣ እሳቸውም እዚያ ተምረዋል። ላላወቀ ላስረዳ። የቆሎ ተማሪ ማለት ከቤቱ ወጥቶ፣ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ የሚማር ልጅ ነው። ውሻው ይነክሰዋል። ያገኛትን ቁራሽ ፀሐይ ላይ አድርቆ ያስቀምጣታል። ማታ ከጎጆው ሆኖ ቅኔ ሲያወጣ ያድራል፣ ጠዋት መምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል፣ ቤት ካልመታ ወይም ምሥጢሩ ከተሰበረበት እዚያው በጓደኞቹ ፊት ይታረማል።

ቅኔ ሰም አለው፣ ወርቅ አለው። ላይ የሚታይ አለ፣ ውስጥ የተቀበረ አለ። በዚህ ያደገ ልጅ ኋላ ልብ ወለድ ሲጽፍ፣ ላይ ላዩን የሁለት ወጣቶች ፍቅር አድርጎ ውስጡን ሌላ ነገር ቢቀብርበት ምን ይገርማል? ወርቁ ምን እንደሆነ ወደ ታች እመጣበታለሁ።

ከዚያ አዲስ አበባ መጡ። ስዊድን ሚሽን፣ ቀጥሎም ተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት ገቡ። ከዲማ ወደ ተፈሪ መኮንን የሚሻገር ልጅ ሁለት አገር ነው የሚያየው። ተመልሰውም ጎጃም ውስጥ አስተምረዋል። ወጣት ሳሉ ቴያትርም ጽፈዋል፤ ርዕሱ «የሐበሻና የወደኋላ ጋብቻ» ይባላል። ርዕሱን ብቻ ሰምታችሁ ሰውየው ገና በጊዜ ምን ያንገበግባቸው እንደነበር ትረዳላችሁ።

ጣሊያን አገር ታስረው ነበር የሚባለው ወሬ ነው?

ወሬ አይደለም። ጣሊያን ሲመጣ ሐዲስ ከጎጃሙ ገዥ ከራስ እምሩ ጦር ጋር ዘመቱ። ያ ጦር ከጎጃም ተነሥቶ ሽሬ ድረስ በእግሩ የሄደ ነው። በታኅሣሥ 1928 ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉይና ላይ የጣሊያንን ታንኮች ማርኳል። በየካቲት ሽሬ ላይ ተሸነፈ፣ ሲያፈገፍግም ተከዜ ላይ አውሮፕላን ጠበቀው፤ ቦምብም መርዝም ዘነበበት። ከዚያ ወደ ጎሬ ወረዱ። ጥቁር አንበሳ የተባለው የአርበኞች ማኅበር ወጣቶችም እዚያ ከራስ እምሩ ጋር ገጠሙ። በመጨረሻ በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ወንዝ አካባቢ ከራስ እምሩ ጋር ተማረኩ።

ቀጥሎ ጣሊያን። ጶንዛ የምትባል ደሴት፣ ኋላም ሊፓሪ። ሰባት ዓመት ገደማ! ሀያዎቹን ጨርሰው ሠላሳዎቹን የጀመሩት እስር ላይ ነው።

አንድ ጨዋታ ልጨምር፣ ከርዕሱ ትንሽ ቢወጣም ሳልነግራችሁ አላልፍም። በሐምሌ 1935 ሙሶሊኒ ከሥልጣን ሲወርድ የራሱ ሰዎች ይዘው ካሰሩበት ቦታ አንዷ ጶንዛ ነበረች፣ ያሳረፉትም ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ነው። ይህን ልብ ወለድ ውስጥ ብትጽፉት አዘጋጁ «አልበዛም?» ብሎ ይሰርዝባችኋል።

ሐዲስ አገራቸው የገቡት በ1936 ዓ.ም. ነው። ያንን ሁሉ «ትዝታ» በሚለው መጽሐፋቸው ላይ ጽፈውታል፣ ታትሞ የወጣው ግን በ1985 ነው። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ማለት ነው። ለምን ያን ያህል እንደቆየ አላውቅም ብዬ አላለቅስም፤ እኔ የትናንት ወዲያውን ስጽፍ ነው የምሳሳተው፣ እሳቸው ከሃምሳ ዓመት በኋላ ጽፈውም አያጋንኑም፣ አይፎክሩም።

ሥራቸው ድርሰት ብቻ ነበር?

ኧረ ምን በወጣቸው! የድርሰት ሥራቸው በትርፍ ጊዜ ነው። ዋናው እንጀራቸው የመንግሥት ሥራ ነበር፤ ዝርዝሩ ረጅም ስለሆነ ሮጥ ሮጥ ብዬ ልለፈው። ኢየሩሳሌም ቆንስል ነበሩ። ዋሽንግተን ሠርተዋል። ኒው ዮርክ በተባበሩት መንግሥታት ኢትዮጵያን ወክለዋል። የትምህርት ሚኒስትር ሆነዋል፣ ለንደን አምባሳደር ሆነዋል፣ ተመልሰው የፕላንና ልማት ሚኒስትር ሆነዋል፣ ከዚያም የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ገብተዋል።

ቢሮ ውለው ማታ ሁለት ገጽ መጻፍ ለሚያቅታችሁ (እኔንም ጨምሮ) ይህ ጥሩ ዜና አይደለም።

«ፍቅር እስከ መቃብር» የፍቅር መጽሐፍ ነው?

ይሄን ጥያቄ የሚያነሣ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ፍቅር ፈልጎ ገዝቶ ስለ ግብር እና ስለ ደጅ ጥናት ሲያነብ የተናደደ፣ ሌላው ደግሞ «የፍቅር መጽሐፍ አልወድም» ብሎ እስከዛሬ ያልገለጠው።

ላይ ላዩን እንዲህ ነው። ማንኩሳ ውስጥ ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ የሚባሉ ባልና ሚስት አሉ። ልጃቸው በዛብህ እንዳይሞትባቸው ፈርተው ለቤተ ክርስቲያን ይሳላሉ፤ ከተረፈ እግዚአብሔርን እንጂ ሌላ አያገለግልም፣ አያገባም ብለው። ልጁ ተረፈ፣ ተማረ፣ ዲማ ጊዮርጊስ ደረሰ። እዚያ ፊታውራሪ መሸሻ አሉ። ልጃቸው ሰብለ ወንጌል ትባላለች። አባት ለልጃቸው የሚመጥን ዘር አጥተው የመጣውን ጠያቂ ሁሉ ሲመልሱ የልጅቷ ዕድሜ እያለፈ ነው። በዛብህ ሊያስተምራት ቤታቸው ይገባል። የቀረውን ገምቱ።

እንግዲህ እዩት። እነዚህን ሁለት ልጆች የሚለያያቸው አንድ ክፉ ሰው አይደለም። እሱን ስለቱ ይዞታል፣ እሷን ዘሯ ይዟታል። ስለቱን የተሳሉት እናትና አባት ልጃቸውን ስለወደዱ ነው፤ ፊታውራሪም ልጃቸውን አይጠሉም። ማንም ጨካኝ ሳይሆን ሰው ይጠፋል። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው፣ ክፉ ገጸ ባሕርይ ቢኖር ኖሮ እሱን ጠልተን እንገላገል ነበር።

ወርቁን ከፈለጋችሁት ደግሞ ገበሬዎቹን አትዝለሉ። ብዙ ሰው ያንን ክፍል ዘሎ ወደ ሰብለ ይሮጣል። ፊታውራሪ ከልማዱ ያለፈ አምጡ ሲሉ ገበሬው አልሰጥም ይላል፣ አበጀ በለው የሚባል ሰው ይመራዋል፣ ጌታው ሊቀጡ ሄደው እሳቸው ይማረካሉ። መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው፤ ንጉሡ በዙፋናቸው ላይ አሉ፣ የገጠር መሬት በአዋጅ ለሕዝብ የሆነው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በ1967 ነው። ጸሐፊው ደግሞ ጫካ የገባ ሰው አይደለም። የንጉሠ ነገሥቱ ሹም ነው! ከውጭ ሆኖ ድንጋይ የሚወረውር ብዙ ነው፣ እሳቸው ግን ከግብሩ አዳራሽ ውስጥ ሆነው ምሰሶው መበስበሱን ተናገሩ።

አስቂኝም ነው፣ ይሄን ማንም አይነግራችሁም። ፊታውራሪ መሸሻ ስለ ጀግንነታቸው ሲያወሩ ከልብ ያስቃሉ። ከሳቃችሁ በኋላ ደግሞ የሆነ ዘመዳችሁ ትዝ ይላችኋል።

ታሪኩ በእውነት የደረሰ ነው?

ቦታዎቹ እውነት ናቸው። ማንኩሳ አለ፣ ዲማ ጊዮርጊስም አለ፣ ሄዳችሁ መሳለም ትችላላችሁ። ሰዎቹ የተፈጠሩ ናቸው። ግን ሐዲስ የቆሎ ተማሪውን ረሃብም የባላባቱን ቤት ወግም በዓይናቸው ስላዩት፣ አንባቢው «ይሄማ አያቴ ናቸው» ቢል አይፈረድበትም።

ጉዱ ካሣ ራሳቸው ሐዲስ ናቸው?

ስንት ሰው ነው በዚህ የተጨቃጨቀው!

ለማያውቀው፦ ትክክለኛ ስሙ ካሣ ዳምጤ ነው። የፊታውራሪ ዘመድ ነው፣ የተማረ ነው፣ በዘር መኩራትን ይንቃል፣ ያሰበውን በአደባባይ ይናገራል። በዚህም አገሩ «እብድ» ብሎት አረፈ፣ «ጉዱ» የሚለውንም ሰጠው። የመንደሩ ሰው ክርክር ሲያልቅበት ቅጽል ስም ያወጣል። ዛሬም ጽሑፍ ሥር አስተያየት ስናነብ ያው ነው።

መልሴ፦ ሐሳቡ የሐዲስ ሊሆን ይችላል፣ ሰውየው ግን አይደሉም። ጉዱ ካሣ ሁሉን በአፉ ተናግሮ ከሁሉ የተጣላ ሰው ነው። ሐዲስ ግን ዕድሜ ልካቸውን ከሥርዓቱ ጋር ሠርተው፣ የሚሉትን በመጽሐፍ ያሉ ናቸው። እኔ እንዲያውም በዛብህ ውስጥ ነው የማያቸው፤ ያንን ማታ ማታ አኩፋዳውን ይዞ የሚያስበውን ልጅ እንዲያ አድርጎ የሚጽፍ ሰው ራሱ አንግቶት መሆን አለበት።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው አይደል?

አይደለም። የመጀመሪያው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነው፣ በ1900 ዓ.ም. ሮም ታተመ። ከሐዲስ በፊት እነ ኅሩይም ጽፈዋል። ሐዲስ መጀመሪያ አይደሉም፤ ግን ከ500 ገጽ በላይ የሆነ ታሪክ ሳይላላ፣ እያንዳንዱ ሰው በየራሱ አፍ እየተናገረ ሲሄድ ከዚያ በፊት አላየሁም። ደብተራው እንደ ደብተራ፣ ገበሬው እንደ ገበሬ፣ እመቤቲቱ እንደ እመቤት ነው የሚናገሩት። ስሙን ሸፍናችሁ ንግግሩን ብቻ ብታነቡ ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ፤ ማንበብ አለብኝ?

ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ያነበበውን ማለታችሁ ነው። ያንን ንባብ ያልወደደ ሰው አላገኘሁም። እኛ ቤት እናቴ ሽንኩርት እየከተፈች ትሰማው ነበር፤ ሽንኩርቱ ይሁን በዛብህ አይታወቅም፣ ዓይኗ ይፈስ ነበር። «ዝም በሉ!» ስትል የቤቱ ሰው ሁሉ ዝም። ዛሬ ቅጂው በኢንተርኔት ስለሚገኝ ዋሽንግተንም ዱባይም ያለ ሰው ሥራ እየሠራ ይሰማዋል።

ስሙት፣ ግን አንብቡትም። ወጋየሁ ድምፁን ለፊታውራሪ ወፍራም፣ ለሰብለ ለስለስ አድርጎ ስለሚሰጣችሁ ሥራውን ሁሉ እሱ ይጨርስላችኋል። ስታነቡ ደግሞ ቆም ትላላችሁ፣ አንድ አረፍተ ነገር ሁለቴ ትመለሱበታላችሁ። ጉዱ ካሣ ሲናገር በተለይ።

ሌላስ ምን ጻፉ?

«ተረት ተረት የመሠረት» በ1948 ወጣ፤ ተረቶች ናቸው፣ ለልጅ ማንበቢያ እስከዛሬ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አላገኘሁም። በ1966፣ ልክ አብዮቱ ሲፈነዳ፣ «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል» የሚል አወጡ። ርዕሱ ዛሬም ያው ስለሆነ ብዙ አልልም። «ወንጀለኛው ዳኛ» በ1974፣ «የልምዣት» በ1980፣ ከዚያ «ትዝታ»።

እውነቱን ልናገር? ሁለቱ የኋላ ልብ ወለዶች እንደ መጀመሪያው አልያዙኝም። «ወንጀለኛው ዳኛ» ጥሩ ነው፣ ርዕሱ ብቻውን ግማሹን ይነግራችኋል፣ ግን ሳነበው ደራሲው ሊያስረዳኝ እንደሚፈልግ ይሰማኛል። «ፍቅር እስከ መቃብር» ላይ አያስረዱኝም፣ ያሳዩኛል። «ትዝታ»ን ግን ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ቀጥሎ አስቀምጠዋለሁ።

«ክቡር ዶክተር» የሚባሉት ሐኪም ስለነበሩ ነው?

አይ፣ የክብር ዶክትሬት ነው፤ የሰጣቸው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ በስተርጅናቸው። ለቅኔ ተማሪ ከዩኒቨርሲቲ ማዕረግ ሲመጣለት አስቡት።

«ፍቅር እስከ መቃብር»ን ጀምሬ ተውኩት። ምን ላድርግ?

እኔም ሁለቴ ትቼዋለሁ። አሥረኛ ክፍል ሆኜ ሠላሳ ገጽ ላይ፣ ኋላም ሥራ ከያዝኩ በኋላ ሰማንያ ገጽ ላይ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሰብለን እየጠበቅሁ ስለነበር የበዛብህን እናትና አባት እንደ መግቢያ ቆጠርኳቸው። በሦስተኛው ዝም ብዬ ማንኩሳ ተቀመጥኩ። ቦጋለና ውድነሽ እንዴት እንደተጋቡ፣ ስለቱን ሲሳሉ ምን እንደፈሩ ሳነብ መጽሐፉ ቀድሞ የጀመረው እዚያ እንደሆነ ገባኝ።

የጎጃም አማርኛው ከከበዳችሁ ከፍ ባለ ድምፅ አንብቡት። ዓይን የሚያደናቅፈውን ጆሮ ያልፈዋል። የቤተ ክርስቲያን ቃል ሲገጥማችሁ ደግሞ መዝገበ ቃላት ከመፈለግ ቤት ያሉ አዛውንት ጠይቁ፣ ከቃሉ ሌላ ታሪክም ታገኛላችሁ። አማርኛ ማንበብ ለማይችሉ ልጆቻችሁ የእንግሊዝኛ ትርጉም አለ።

መጨረሻው ያሳዝናል? አትንገረኝ ግን።

ርዕሱን አንብበሃል አይደል?

መጽሐፉን ታውሰኛለህ?

አላውስም። የነበረኝን አሮጌ እትም፣ ሽፋኑ በፕላስተር የተለጠፈውን፣ «በሳምንት እመልሳለሁ» ያለ ሰው ወስዶት አራት ዓመት ሆነው። አሁን ያለኝን ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ ነው የገዛሁት፤ መጀመሪያው ገጽ ላይ በሰማያዊ እስክርቢቶ «ለሰብለዬ» ተብሎ ተጽፎበታል። ማን ለማን እንደሰጠው፣ ሰብለዬም ለምን እንደሸጠችው ሳስብ እውላለሁ።